ጥንቸሏ መብላት አቆመች፤ አሞክሳሲሊን ልስጣት?

ጥያቄው ከደሴ ነው። የጻፉልኝ አንዲት እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስፍረው።

«ለልጄ ሁለት ጥንቸሎች ከገዛሁ አራት ወር ሆነ። ልጄ አቦልና ቶና ብላቸዋለች። ሁለቱም ሴት ናቸው ተብሎ ነው የተሸጡልኝ። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዳቦና ፉርሽካ እሰጣቸዋለሁ። ከሰሞኑ የአቦል አገጭ ይረጥባል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ደግሞ ምንም አልቀመሰችም። በጠጧም አንሷል። ጎረቤቴ ከልጇ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አላት፤ ትንሽ ስጫት ትለኛለች። ልስጣት? ለወደፊቱስ ምን ላብላቸው?»

አይስጧት። ሽሮፑን ለጎረቤትዎ ይመልሱላት።

ይህን ያስቀደምኩት ጽሑፉን ጨርሰው እስኪያነቡ አንድ ማንኪያ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ ዛሬ የሚደረገውን ያንብቡ። የቀረውን አቦል ሲሻላት ቡና አፍልተው ይደርሱበታል።

የእርሾን ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እርሾው ላይ የፈላ ውሃ ቢያፈሱበት ሊጡ አይነሳም። የጥንቸል ሆድም እንደዚያ ነው። የበላችውን ሳር ብቻዋን አትፈጨውም። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ከረጢት በሚመስለው ሰፊ አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ደጎቹን ይፈጃቸዋል። ቦታው ሲለቀቅ ክሎስትሪዲየም የሚባል ክፉ ባክቴሪያ ይራባበትና መርዝ ያመነጫል። ከዚያ ተቅማጥ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ሊንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲንም እዚሁ ተርታ ውስጥ ናቸው።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ወጣት ጥንቸሉን በካርቶን ይዞልኝ መጣ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቻ ነበር የሚፈሰው። መድኃኒት ቤት ጠይቆ «ለሕፃን ከሚሰጠው ግማሹን ስጣት» ተብሎ አሞክሳሲሊን ይሰጣታል። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። እኔ ጋ ስትደርስ ጆሮዋ በረዶ ሆኖ ነበር። አልተረፈችም። የሰጠው ሰው ክፋት አልነበረበትም። ስለ ጥንቸል ማንም አላስተማረውም።

አሁን ወደ አቦል። ጥንቸል 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላ ከቆየች ነገሩ ድንገተኛ ነው። ውሻ አንድ ቀን ባይበላ ብዙም አያስጨንቅም። የጥንቸል አንጀት ግን መቆም የለበትም። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ የገባው ነገር መውጫው በአንድ በኩል ብቻ ነው። አንጀቱ ሲቆም ጋዝ ይጠራቀማል። ጋዙ ያማታል። ሲያማት አትበላም። ስላልበላች ደግሞ አንጀቱ ይብስበታል። ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ ከተቀመጠች፣ ጥርሷንም ካፋጨች፣ ሕመም ላይ ናት ማለት ነው። ጥንቸል እንደ ውሻ አታለቅስም። ዝም ብላ ነው የምትታመመው።

ሆዷን በስሱ ይዳስሱት። እንደ ከበሮ ከተወጠረ በአፏ ምንም አይጨምሩ፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ለስላሳ ከሆነ ትንሽ ጊዜ አለዎት ማለት ነው። ቀጥለው ጆሮዋን ይንኩ። የጤነኛ ጥንቸል የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ሙቀቷ እየወረደ ሊሆን ይችላል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ ምሕረት የለውም። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ይሙሉ፣ በፎጣ ጠቅልለው ከጎኗ ያስቀምጡላት። ሲሞቃት ዞር የምትልበት ቦታ ይተዉላት።

ከዚያ እርጥብ ሳር፣ ድንብላል ወይም እንስላል ውሃ እንደነካው ፊቷ ያድርጉ። አንዳንዴ ሽታው ብቻ ያስነሳታል። እምቢ ካለችና ሆዷ ካልተወጠረ ትንሽ ዱባ ያለ ጨውና ያለ ዘይት ይቀቅሉ። ድርቆሽ ወቅጠው በወንፊት ይንፉና ከዱባው ጋር ያሹት፤ በውሃ ያቅጥኑት። መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ከፊት ጥርሷ ጎን በኩል ጠብ ጠብ እያደረጉ ይስጧት። ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ። በጀርባዋ አስተኝተው አይጋቷት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ወተት፣ የስኳር ውሃ፣ ዘይት፣ ፌጦ፣ ሁሉም ይቅር።

ይህ ሁሉ ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ዛሬውኑ ይሂዱ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ እነሱን ይጠይቁ። የእኛ አገር ሐኪም እጁ የተፈታው በከብትና በበግ ነው። ጥንቸል አቅፈው ሲገቡ ፈገግ ቢል አይቀየሙት። ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላች፣ አገጯ እንደሚረጥብና ምን ስትመገብ እንደቆየች ይንገሩት። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የሕመም ማስታገሻና ፈሳሽ ነው። ለማስታገሻ ሜሎክሲካም ለጥንቸል ይሆናል፤ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው። የግድ አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ኤንሮፍሎክሳሲን፣ ወይም ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር፣ ጥንቸል የምትችላቸው ናቸው። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ። የሚጠላ ሐኪም አይገጥምዎትም፤ ብዙዎቻችን እንዲያውም ደስ ይለናል።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን አገጯ ነው።

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። የፊት ጥርሷ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። በዓመት ሲደመር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ታዲያ ለምን አፏን አልፎ አይወጣም? ሳር ስለሚሞርደው ነው። ሳር ውስጥ እንደ አሸዋ የደቀቀ ሲሊካ አለ፤ እሱን ቀኑን ሙሉ ግራና ቀኝ ስታላምጥ ጥርሷ እኩል ይበላል። ዳቦና ካሮት ግን ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ነው የምትውጣቸው። ጥርሱ ሥራ ይፈታል። በተለይ መንጋጋዋ ጠርዙ እንደ እሾህ ይሾልና ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ያኔ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አገጯ ይረጥባል፣ ቀስ በቀስም መብላት ትተዋለች። የአቦል ታሪክ ይህን ይመስላል። ሳላያት እርግጠኛ መሆን አልችልም። ሐኪሙ ግን የጆሮ መመልከቻ መሣሪያውን አፏ ውስጥ ከትቶ መንጋጋዋን እንዲያይላት ይጠይቁት። ከፊት ሲታይ ጥርሷ ሁሉ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ችግሩ ያለው ከኋላ ነው።

አደራ፣ ማንም በጥፍር መቁረጫ ጥርሷን እንዳይቆርጥ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ የካርቱን ፊልም ጥንቸልን በካሮት አሳወቀብንና ተቸገርን። ጥንቸል የሳር እንስሳ ናት። ከምትበላው አምስት እጅ አራቱ ሳር ወይም ድርቆሽ መሆን አለበት። ሌት ተቀን ከፊቷ አይጥፋ። ሲያልቅ ይጨምሩ እንጂ አይመጥኑባት። በደፈናው፣ በቀን የራሷን ሰውነት የሚያክል የድርቆሽ ክምር ይቅረብላት።

ሰርዶ ግሩም ነው። ሙጃም ይበላል። ማገጥ ደስ ይላታል፤ ግን ለብቻው አብዝተው አይስጡ፣ ሆድ ይነፋል። ከአስፋልት ዳር የታጨደ ሳር አይግዙ፤ የመኪና ጭስና የውሻ ሽንት አለበት። ከማሳ ዳር የሚመጣ ከሆነ ገበሬው አረም ማጥፊያ ረጭቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ቱፎርዲ የተረጨ ሳር በዓይን አይለይም። ክረምት ላይ ጠል ያለበትን ሳር ክምር አድርገው አያሳድሩ፤ ሙቀት ይፈጥርና ይቦካል፣ የቦካ ሳር ደግሞ ሆዷን ያቃውሳል። ዘርግተው ጥላ ላይ ያጠውልጉት።

ድርቆሽ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ገዝተው ቢያስቀምጡ ይሻላል። ሳሩ ያኔ ነው የሚታጨደው፤ በጋው ሲገፋ ይወደዳል። ለሁለት ጥንቸል ጥቂት ሸክም ይበቃል። ሲገዙ እጅዎን መሃሉ ድረስ ያስገቡ። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ አልጠፋም፣ መዓዛው ደስ ይላል፣ ሲያራግፉት አቧራ አያስነሳም። መሃሉ ከሞቀ ወይም ሻጋታ ከሸተተዎ ይተዉት፤ የወጣዎት ገንዘብ ቢሆንም ይጣሉት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ድርቆሽ ሲባል ጭድ የሚያመጡልዎ አሉ። የጤፍ ጭድ እህሉ የወጣለት ተረፈ ምርት ነው፤ ጥርሷን ይሞርድላታል፣ ግን ምግብነቱ ሳሳ ያለ ነው። እኔ ለመኝታ እንዲሆን ነው የምመክረው። ብትቆረጥመውም አይጎዳትም። ከዳቦ ደግሞ በስንት ጣዕሙ!

ፉርሽካውንና ዳቦውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሁለቱም ስታርች ናቸው፤ አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን ያናውጣሉ። ፉርሽካ በዚያ ላይ ፎስፎረሱ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ነው፤ ለምታድግ ጥንቸል አጥንትና ጥርስ አይሆንም። እንጀራ፣ ቆሎ፣ አተላና ፋጉሎም እንደዚሁ ይቅሩ። የዶሮ መኖ የሚሰጡ አሉ፤ ይህን በጣም እፈራዋለሁ። አንዳንዱ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ የሚጨመሩ እንደ ሳሊኖማይሲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ጥንቸልን ይመርዟታል።

ቅጠል በቀን ለአንዷ ሁለት እፍኝ ያህል ይበቃታል። ድንብላል፣ በሶብላ፣ እንስላል፣ አረንጓዴው ሰላጣ። የሐበሻ ጎመንም ከሌሎች ጋር እየተደባለቀ ይሆናል። ቆስጣ አልፎ አልፎ ብቻ። ጥቅል ጎመን ለአሁን ይቆይ፤ ጋዝ አለበት። ካሮት እንደ ከረሜላ ይቁጠሩት። አውራ ጣት የሚያክል ቁራጭ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አይለፍ። የካሮቱ ቅጠል ግን ከካሮቱ ይበልጥ ይጠቅማታል። አትክልት ተራ ቆርጠው ይጥሉታል፤ በነፃ ይሰጡዎታል። ሁሉንም ግን በአንድ ቀን አያግበስብሱ። አንድ ዓይነት በትንሹ ይጀምሩ፣ በማግስቱ በጠጧን ይዩ፣ ደህና ከሆነ ሌላውን ይጨምሩ።

አቮካዶ ፍሬውም ቅጠሉም ክልክል ነው። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጉሎ፣ የወፍ ቆሎና አስተናግርም እንደዚያው። ልጅዎ ከአጥር ሥር ያገኘችውን ቅጠል ቀጥፋ ከመስጠቷ በፊት እንድታሳይዎ ያስለምዷት።

ስለ አልፋልፋ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። እስከ ስድስት ወር ላለች ጥንቸልና ለምታጠባ ጥሩ ነው። ለደረሰች ጥንቸል ግን ካልሲየሙ ይበዛል። እኛ የማያስፈልገንን ካልሲየም አንጀታችን ያልፈዋል። የጥንቸል አንጀት ግን ያገኘውን ይወስድና ትርፉን በሽንት ነው የሚያስወጣው። ሽንቷ እንደ ኖራ ነጭና ወፍራም ከሆነ፣ ስትሸናም ካስማጣት፣ ያ ነው ነገሩ። ቀላ ያለ ሽንት ካዩ ደግሞ ወዲያው አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ከበላችው ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው። ሁለት ቀን ከቆየ ግን ይታይላት።

በጠጧን የቤትዎ ላብራቶሪ ያድርጉት። ጤነኛዋ ክብ፣ ደረቅ፣ ሳር ሳር የሚል ትጥላለች፣ በብዛትም ትጥላለች። ሲያንስ፣ ሲደቅ፣ በጸጉር ሲያያዝ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ ሌላ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ታወጣዋለች፤ ከመቀመጫዋ ላይ በአፏ ተቀብላ ትበላዋለች። ሰው ሲያይ «ተቅማጥ ይዟት እበቷን በላች» ብሎ ይጸየፋል። በሽታ አይደለም፣ አይከልክሏት። በአንጀቷ የተመረተውን ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኘው ሁለተኛ ጊዜ ስታሳልፈው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር መቁጠሩ ይታወቃል። እንደ ላም የምታመሰኳበት ጨጓራ የላትም። ግን የበላችውን ሁለት ጊዜ ማሳለፏ እውነት ነው። መፍራት ያለብዎት ይህ ለስላሳ በጠጥ ወለሉ ላይ ተዝረክርኮ ሲቀር ነው። ወይ ምግቡ በዝቶባታል፣ ወይ ወፍራ ጎንበስ ማለት አቅቷታል፣ ወይ አፏን ያማታል።

ውሃ በከባድ ሸክላ ይስጧቸው፤ አይገለበጥም። በየቀኑ ይቀየር። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። ስለ ቦታው ደግሞ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ለጥንቸል ተመችታለች። ብርዱን በወፍራም ጭድ ትችለዋለች፤ የማትችለው ንፋስና እርጥበት ነው። ኮምቦልቻ ላለ አንባቢ ምክሩ ይገለበጣል። ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ጥንቸል ትጨነቃለች። አታልብም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋ ነው። ጥላ፣ ነፋሻ ቦታ፣ ከጎኗም የቀዘቀዘ ውሃ የያዘ ጠርሙስ። ወለሉ ባዶ ሽቦ ከሆነ የኋላ እግሯን መርገጫ ያቆስለዋል፤ ጣውላ ወይም ጭድ ያንጥፉበት። ደቃቅ ሰጋቱራ አይጠቀሙ፣ ብናኙ ሳንባ ይገባል።

እጣኑ። ወሎ ሆኜ «ቡና ያለ እጣን ይፈላ» ብል ማን ይሰማኛል? አልልም። ግን የጥንቸል ሳንባ ትንሽ ነው፤ ጭስ ቶሎ ይቆጣዋል። አፍንጫዋ የሚፈስና የምታነጥስ ጥንቸል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሳጥኗ የት ነው የተቀመጠው?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ሳሎን ነው፤ ረከቦቱ አጠገብ። አቦልና ቶና ቡናው እስኪጠጣ ሌላ ክፍል ይሁኑ። ስማቸው የቡና ስለሆነ ቅር ቢላቸውም። ከራሳቸው ሽንት የሚነሳው አሞኒያም እንደ ጭሱ ነው፤ ጥጉን በየቀኑ ያጽዱት።

ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ተደራርቦ ካዩ የእከክ ተባይ ነው። ቅርፊቱን አይላጡ፣ ያማታል። አይቨርሜክቲን ያድናታል። ግን ለበግ የሚወጋው ያው ባለ አንድ ፐርሰንት መድኃኒት ስለሆነ መጠኑ ላይ ይሳሳታሉ። ለሁለት ኪሎ ጥንቸል በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ሲሰላ 0.04 ሚሊ ሊትር ነው የሚመጣው። ጠብታ ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ሐኪሙ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ይስጣት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይድገምላት። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒት ግን በጭራሽ አይነካት። ገላዋንም አይጠቡ፤ ራሷን ታጸዳለች።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቶናንም ይዘው ይሂዱ። አንድ፣ አብረው የኖሩ ጥንቸሎች ሲለያዩ ይጨነቃሉ። ሁለት፣ ተመሳሳይ ምግብ ስለበላች የእሷም ጥርስ ይታይ። ክዳን ያለው ካርቶን ጎኑን ብስተው፣ ከሥሩ ድርቆሽ አንጥፈው በባጃጅ መውሰድ ይቻላል። በጆሮዋ አያንጠልጥሏት። አንድ እጅ ከደረቷ በታች፣ አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር። ስትራገጥ በራሷ ጉልበት ወገቧን ልትሰብር ትችላለች፤ ለልጅዎም ይህንን ያሳዩዋት።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ጾታቸው ነው። ገበያ ላይ ጫጩት ጥንቸል «ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎ የሚምል ሻጭ በግምት ነው የሚምለው። በትንሽነታቸው ለመለየት ባለሙያም ይሳሳታል። አሁን ደርሰዋል፤ የወንዱ ፍሬ በግልጽ ይታያል። ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ ይነግርዎታል። አንዷ ወንድ ሆና ከተገኘች በሽቦ ይለዩዋቸው፣ እየተያዩ እንዲኖሩ። ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በወለደች በሰዓታት ውስጥም መልሳ ታረግዛለች። ቶና የደረቷን ጸጉር እየነጨች ጭድ ስታከማች ካዩ ሳጥኗን ጭር ያለ ጥግ ያስጠጉላት፤ በረካ እየመጣ ሊሆን ይችላል።